«ምን ፈልገህ ነው?»
የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ታሪክ ከመርካቶ ሲታይ

መርካቶ ገብቶ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው አለ ቢባል ለማመን ያዳግታል። የገባ ሰው ደግሞ አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ አይወጣም። «ምን ፈልገህ ነው?» ይባላል። ጠያቂው ደላላ ሊሆን ይችላል፣ ባለሱቅ ሊሆን ይችላል፣ ዕቃውን በትከሻው ያንጠለጠለ አዟሪም ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ያው ነው። እኔ ግን ይህንኑ ጥያቄ፣ ከየትም ይልቅ ሊጠየቅበት በሚገባው ቦታ ለብዙ ዓመታት ሳልሰማው ኖሬአለሁ። ያ ቦታ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። በ1996 ዓ.ም. አዲስ ከተማ ውስጥ ከሚገኙት ትምህርት ቤቶች በአንዱ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አንድ ቀን የታሪክ መምህራችን «መርካቶ እንዴት ተመሠረተ? በሁለት ገጽ ጽፋችሁ አምጡ» አሉን። መርካቶ ውስጥ ተወልጄ በማደጌ ስኳር የት እንደሚረክስ፣ ጫማ የት እንደሚሰፋ ጠንቅቄ አውቃለሁ። ገበያውን ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደመሠረተው ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። በምሳ ሰዓት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድኩ። መጻሕፍቱ ከሽቦ ወንፊት በስተጀርባ ተደርድረዋል፤ ተማሪ መታወቂያውን አስይዞ በመስኮት ይቀበላል እንጂ ወደ መደርደሪያው አይደርስም።

«ጋሼ፣ ስለ መርካቶ ታሪክ የሚናገር መጽሐፍ ፈልጌ ነበር» አልኳቸው።

«የመጽሐፉን ስም ንገረኝ።»

«ስሙን አላውቀውም።»

«ስሙን ካላወቅህ ታዲያ ምን ልስጥህ?»

ትንሽ አሰቡና «ታሪክ አይደል ያልከው?» ብለው የ11ኛ ክፍል የታሪክ መማሪያ አቀበሉኝ። ደወል እስኪደወል ስለ ፈረንሳይ አብዮት አነበብኩና መታወቂያዬን ተቀብዬ ወጣሁ።

በዚያው ቀን ማታ ሸማ ተራ ወደምትነግደው አክስቴ ዘንድ ስሄድ፣ ሱቋ ደጃፍ የማይጠፋ አንድ ደላላ ፊቴን አይቶ «ምን ሆንክ አንተ? ምን ፈልገህ ነው?» አለኝ። መጽሐፍ አልኩት። «የምን መጽሐፍ? ለምንህ ነው? ለመቼ?» ሲል ሦስት ጥያቄ አከታተለብኝ። ስነግረው ወደ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ወሰደኝ። ሻጩ እንዲህ ያለ መጽሐፍ እንደሌለው ተናግሮ፣ «እኚህን ሰውዬ ብትጠይቁ ይሻላል» በማለት ወደ አንድ አረጋዊ ነጋዴ መራን። ሽማግሌው ገበያው ከአራዳ ሲነሣ ልጅ ነበሩ። አባታቸው ዕቃቸውን በአህያ ጭነው እንዴት እንደወረዱ፣ ሰዉ አዲሱን ቦታ እንዴት እንደጠላው አንድ ሰዓት ሙሉ አወጉኝ። እኔም ጻፍኩ። ከ10 ነጥብ 8 አገኘሁ። ሁለቱን ነጥብ የቆረጡብኝ «ምንጭ አልጠቀስክም» ብለው ነበር።

መምህሬ አልተሳሳቱም። እኔም አጥፍቻለሁ ለማለት ያስቸግረኛል። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ሁለት ነጥብ የተነሣ ነው።

ተራና መደርደሪያ

ያ ሽማግሌ የነገሩኝ ትክክል እንደነበር ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስ የአዲስ አበባ ዋና ገበያ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያኖች በ1928 ዓ.ም. ከተማይቱን ከያዙ በኋላ ነጩንና «ተወላጅ» የሚሉትን ሕዝብ ለያይቶ የሚያኖር ፕላን አወጡ። በዚህም መሠረት የአበሻው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ተደረገ። «መርካቶ» ራሱ ገበያ ማለት የሆነ የጣሊያንኛ ቃል ነው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ገበያው እዚያው ቀረ፤ ለመለያየት የተቆረሰው ቦታም የአገሪቱ ሕዝብ ከየአቅጣጫው የሚገናኝበት ሆነ።

ይህን የሚያስረዱ ጽሑፎች ነበሩ። አዲስ አበባ የተቆረቆረችበት 100ኛ ዓመት ሲከበር በኅዳር 1979 ዓ.ም. በተካሄደው ዓለም አቀፍ ሲምፖዚየም ላይ ስለ ከተማይቱ አመሠራረት፣ ስለ ገበያዎቿና ስለ ፕላኖቿ ሊቃውንት ያቀረቧቸው ጥናቶች በመጽሐፍ መልክ ታትመዋል። እኔ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ስሆን መጽሐፉ ከወጣ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ከትምህርት ቤቴ እስከ ስድስት ኪሎ ያለው መንገድ ደግሞ የአንድ ታክሲ ያህል ነው። መልሱ በከተማይቱ ውስጥ ነበረ፤ ጠያቂውም ነበረ። ያልነበረው ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ነው።

የመርካቶ ሰው ይህንን ሥራ ያውቀዋል። ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እያለ ዕቃውን በዘር በዘሩ ይከፍለዋል። ሚስማር የፈለገ በርበሬ ተራ አይሄድም። እ.አ.አ. በ1876 ሜልቪል ዲዊ የተባለ አሜሪካዊ የሰውን ልጅ ዕውቀት በሙሉ በ10 ታላላቅ ክፍሎች መድቦ፣ እያንዳንዱን እንደገና በ10 በ10 እየከፋፈለ ቁጥር ሲሰጠው ያደረገው ከዚህ የተለየ አይደለም። እስከ ዛሬ በብዙ ቤተ መጻሕፍቶቻችን የሚሠራበት የእሱ ዘዴ ነው፤ የኢትዮጵያና የኤርትራ ታሪክ በዚህ አከፋፈል 963 ላይ ይገኛል።

ሆኖም ማንኛውም ተራ ከፋፋዩ ከቆመበት ቦታ የተከፋፈለ ነው። ዲዊ ለሃይማኖት ከመደበው ከ200 እስከ 299 ካለው ቁጥር አብዛኛውን የወሰደው ክርስትና ሲሆን፣ የቀሩት የዓለም ሃይማኖቶች 290ዎቹ ውስጥ ተጨናንቀው እስልምና 297 ላይ ተቀምጧል። ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና አንዋር መስጊድ ጎን ለጎን ቆመው በሚታዩበት መርካቶ ለሚያድግ ልጅ ይህ አደራደር እንግዳ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ ቁጥሩን የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል።

ዲዊ ዘዴውን ባሳተመበት በዚያው ዓመት፣ በማሳቹሴትስ የዉስተር ከተማ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ሳሙኤል ግሪን አንድ ጽሑፍ አቅርቦ ነበር። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ሲጠቃለል፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ከመደርደሪያው ወጥቶ ከአንባቢው ጋር መነጋገር፣ የፈለገውን ማወቅና መርዳት አለበት የሚል ነው። የማጣቀሻ አገልግሎት ተብሎ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው ትምህርት ታሪኩን የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ጽሑፍ ነው። ወደ አማርኛ ቢመለስ፣ ከዚያ ደላላ አፍ ከወጡት ሦስት ጥያቄዎች ብዙም አይርቅም፦ የምን? ለምን? ለመቼ?

ከዕቃ ቤት እስከ ሞዴል 19

ታዲያ የእኛ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ይህንን ለምን አይጠይቅም? ሰውየው ክፉ ሆኖ ነው? አይመስለኝም። ጉዳዩ ረጅም ታሪክ አለው።

በአገራችን መጽሐፍ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረው በቤተ ክርስቲያንና በገዳም ዕቃ ቤት ውስጥ ነው፤ ከመስቀሉ፣ ከጽናጽሉና ከአልባሳቱ ጋር። አንድ የብራና መጽሐፍ ለመጻፍ የብዙ በግና ፍየል ቆዳ፣ የብዙ ወራት ድካም ይጠይቃል። ስለዚህም በመጽሐፉ ላይ የሚሰርቀውን ወይም የሚፍቀውን የሚያወግዝ ቃል ይሰፍር ነበር። የቆለፈውም ሰው ሞኝ አልነበረም። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የሆነው ይታወቃል። አፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ያሰባሰቧቸው መጻሕፍት በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቁ። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ እየመረጠ የሚገዛ ነበር፤ ወደ 350 የሚጠጉት ብራናዎችም ለንደን ገቡ። መጽሐፍ መምረጥ የሚባለውን ሙያ በዚያ ተራራ ላይ ተጠንቅቆ የሠራው የወሰደው ሰው መሆኑ ያሳዝናል።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1864 ዓ.ም.፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ወደ ለንደን ደብዳቤ ጽፈው ከተወሰዱት መካከል ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ጠየቁ። ምክንያታቸውም የአገሪቱ ሕግ የሚገኝበት በመሆኑ ያለ እሱ ሕዝባቸው እንደማይታዘዝላቸው የሚገልጽ ነበር። መጽሐፉም ተመለሰ። አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል፤ ንጉሠ ነገሥቱ የጠየቁት መጽሐፍን ሁሉ አይደለም። የትኛውን መጽሐፍ፣ ለምን ሥራ እንደሚፈልጉት ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲመጣ፣ ማለትም የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም.፣ የተፈሪ መኰንን ደግሞ በ1917 ዓ.ም. ሲከፈት፣ መጽሐፍ ከዕቃ ቤት ወጥቶ ወደ ክፍል ገባ። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ ማተም ያዘ። ከነጻነት በኋላም በ1936 ዓ.ም. ሰው «ወመዘክር» እያለ የሚጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተቋቋመ። መጽሐፉ ተለወጠ፤ ጠባቂው ግን ጠባቂ እንደሆነ ቀረ። ቀድሞ በውግዘት የተጠበቀው አሁን በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል። መጽሐፍ እንደ ወንበርና እንደ ሰሌዳ የመንግሥት ንብረት ነው። ቢጠፋ የሚጠየቀው የተረከበው ሠራተኛ ነው። ደመወዙን እያሰበ የሚሠራ ሰው መጽሐፍ ባነሰ መጠን ቢወጣ፣ ተማሪም ባነሰ መጠን ቢጠይቅ ይመርጣል። የእኔን ጋሼ ከሽቦ ወንፊቱ በስተጀርባ ያስቀመጣቸው ክፋት ሳይሆን ይህ ሥርዓት ነው። ማንም ቢሆን በዓመቱ መጨረሻ «ስንት ልጅ መልስ አገኘ?» ብሎ ጠይቋቸው አያውቅም፤ «ስንት መጽሐፍ ጎደለ?» ግን ሁልጊዜ ይጠየቃሉ።

መራጩ ማን ነው?

ሌላው ነገር የመጽሐፍ ምርጫ ነው። የመርካቶ ነጋዴ ያልተሸጠ ዕቃ ቦታ እንደሚበላ ያውቃል። ደንበኛው ምን እንደጠየቀውና ምን አጥቶ እንደሄደ በልቡ ይይዛል፤ ዕቃ ሲያስመጣም ያንን ያስባል። በትምህርት ቤት ግን ብዙውን ጊዜ መራጩ ሌላ ቦታ ነው።

በንጉሡ ዘመን የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በ1955 ዓ.ም. ወጥቶ ታገደ። በደርግ ዘመን የሞስኮው ፕሮግረስ ማተሚያ የሌኒንን ሥራዎች በአማርኛ ሳይቀር እያተመ ሲልክ፣ መደርደሪያዎች በቀይ ሽፋን ተሞሉ። በዚያው ዘመን በ1975 ዓ.ም. የታተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ከየመጽሐፍ መደብሩ ተለቀመ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ከውጭ በእርዳታ የሚመጣው መጽሐፍ ቦታውን ያዘ። የሚጠቅም አልነበረበትም አልልም። እኔ ራሴ እንግሊዝኛ የለመድኩት ከእርዳታ መጽሐፍ ነው። ነገር ግን በረዶ ላይ ስለ መንሸራተት የሚያስተምር መጽሐፍ ሰባት ቅጂ ባለበት መደርደሪያ ላይ ስለ ቡና ንግድ፣ ስለ ሽመና ወይም ስለ አዋሽ ወንዝ አንድ እንኳ አላየሁም።

ቋንቋውም ራሱን የቻለ ችግር ነው። ቀድሞ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃው በእንግሊዝኛ እንዲሆን ደነገገ። እንግዲህ 9ኛ ክፍል የሚገባ ልጅ በአንድ ክረምት ውስጥ ቋንቋ ይለውጣል ማለት ነው። ለእንዲህ ያለው ልጅ ድልድይ የሚሆነው በሁለቱም ቋንቋ የተመረጠ፣ ለዕድሜው የሚመጥን መጽሐፍ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 900 ሺህ ያህል ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ደነገጠ። ጥፋቱ የቤተ መጻሕፍት ነው ብዬ አልከራከርም፤ ምክንያቱ ብዙ ነው። ነገር ግን ከመማሪያ መጽሐፉ ውጪ ሌላ መጽሐፍ ገልጦ የማያውቅ ተማሪ በቃል ካጠናው ትንሽ ወጣ ያለ ጥያቄ ሲመጣበት እንደሚደናገር ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

መዝገበ ቃላት የማን ነው?

ማጣቀሻ መጻሕፍት የሉንም የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። የመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጅምር በደቀ መዝሙራቸው በአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተስፋፍቶ፣ እሳቸውም በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ የአደራውን ሥራ ደስታ ተክለ ወልድ ተረክበው በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት የግዕዝ መዝገበ ቃላት አለ። የሦስት ሰው ዕድሜ የፈጀ መጽሐፍ ነው። የተሰማ ሀብተ ሚካኤል «ከሣቴ ብርሃን» በ1951 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድ የራሳቸው የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ወጥተዋል። የዩኒቨርሲቲው የቋንቋዎች ጥናት ማዕከልም በ1993 ዓ.ም. የራሱን አሳትሟል። በውጭም እ.አ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የወጣው የኢትዮጵያ ኢንሳይክሎፒዲያ አለ፤ ዋጋው ግን ለትምህርት ቤት ቀርቶ ለብዙ ኮሌጆችም የሚቀመስ አይደለም።

ይሁንና መጽሐፍ መኖሩ ብቻውን ምን ይፈይዳል? የአለቃ ኪዳነ ወልድና የደስታ መዝገበ ቃላት የተደረደሩት ልጆች በሚያውቁት በ«ሀ ለ ሐ መ» ሳይሆን በ«አ በ ገ ደ» ነው። በአለቃ ኪዳነ ወልድ ዘንድ ደግሞ ቃል የሚፈለገው ከሥሩ ነው፤ «መጽሐፍ» የሚለውን «መ» ላይ የፈለገ አያገኘውም፤ «ጸሐፈ» ወደሚለው መሄድ አለበት። እኔ ይህንን ሳላውቅ ወመዘክር ውስጥ ግማሽ ቀን አጥፍቻለሁ። በመጨረሻ አንዲት ሠራተኛ መጥታ «ምን ፈልገህ ነው?» አለችኝ፤ በሁለት ደቂቃ አሳየችኝ። ያ ጥያቄ ከመርካቶ ውጪ ሲጠየቅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ዕለት ነበር። ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን እ.አ.አ. በ1931 ባወጣቸው አምስት ሕጎች ውስጥ አንደኛው የአንባቢውን ጊዜ ስለ መቆጠብ የሚናገር ነው። ሊቁ ያን ዕለት እኔን ቢያየኝ ምን ይለኝ ነበር?

ኮሚሽን የማይቀበል ደላላ

«ዛሬ ስልክ እያለ ቤተ መጻሕፍት ምን ያደርጋል?» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነት ነው። ልጆቻችን የቤት ሥራቸውን ስልክ ይጠይቃሉ፤ መጽሐፍ በቴሌግራም ይቀባበላሉ። ስልኩም እንደ መርካቶ ደላላ ፈጣን ነው። ግን እስቲ ደላላውን እንመርምረው። የእኔ ደላላ የአክስቴ ወዳጅ ስለነበረ ብቻ በነጻ አደረሰኝ። ለሌላው ሰው ኮሚሽን ወደሚከፍለው ሱቅ እንጂ ዕቃው ወደሚሻልበት ሱቅ እንደማይወስድ መርካቶ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። የስልኩንም ኮሚሽን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ልጁ አያየውም። አንዳንዴም የሌለ መጽሐፍና ያልተባለ ነገር እንዳለ አድርጎ በልበ ሙሉነት ያቀርብለታል። የትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ኮሚሽን የማይቀበል ደላላ መሆን አለበት። «ይህ ይታመናል፤ ይህኛውን ከሌላ ጋር አስተያየው» የሚል ሰው ዛሬ ከ1996 ዓ.ም. ይልቅ ያስፈልጋል።

በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ ታላቁ የአብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተከፍቷል። ደስ ይላል። ይሁንና ከትምህርት ቤት ወጥቶ የእናቱን ሱቅ የሚጠብቅ የመርካቶ ልጅ በየቀኑ አራት ኪሎ ሊሄድ አይችልም። ለእሱ ቅርቡ የትምህርት ቤቱ ክፍል ነው። ለዚያ ክፍል የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በወጉ የተመዘገበ መጽሐፍ በአገልግሎት ብዛት ቢያረጅ ወይም ጥቂት ቢጎድል ሠራተኛውን ዕዳ ውስጥ የማይከት መመሪያ ይውጣ። ሁለተኛ፣ ከመስኮቱ አጠገብ አንድ ደብተር ይቀመጥና ልጆች ጠይቀው ያጡት ሁሉ ይጻፍበት፤ የሚቀጥለው ዓመት ግዢም ሆነ የእርዳታ ጥያቄ ከዚያ ደብተር ይነሣ። ሦስተኛ፣ ስለ አካባቢው የተጻፈም የተነገረም የሚሰበሰብበት አንድ ፋይል ይከፈት። ከጋዜጣ የተቆረጠ፣ ፎቶግራፍ፣ ልጆች ከአረጋውያን ጠይቀው የጻፉት፣ የተናጋሪው ስምና ቀኑ ተጠቅሶ ይግባ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ አካባቢ የተነሣውን እሳት ያየን ሰዎች በመርካቶ ነገር እንዴት በአንድ ሌሊት እንደሚጠፋ ለመረዳት አስረጂ አያስፈልገንም።

ያ ሽማግሌ አርፈዋል። የጻፍኳቸውን ሁለት ገጾች ብዙ ጊዜ ፈልጌአቸዋለሁ፤ ደብተሩ ምናልባት ከሌላ ወረቀት ጋር ለሱቅ መጠቅለያ ተሽጦ ይሆናል። ያኔ ፋይሉ ቢኖር ኖሮ መምህሬ ሁለቱን ነጥብ ከመቁረጥ ይልቅ «የሽማግሌውን ስምና ቀኑን ጨምርበትና ለቤተ መጻሕፍቱ ስጥ» ይሉኝ ነበር። ዛሬ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ወደዚያ መስኮት ሄዶ ስለ መርካቶ ቢጠይቅ፣ የሚሰጠው ሁለት ገጽ በኖረ ነበር።